ጋሽ መኮንን የበረሃውን ሜዳ የገመገሙበት ማክሰኞ

ለንደን ውስጥ በአንድ የጎልፍ ሜዳ ሥራ የጀመርኩ ዕለት አለቃዬ ሬይ አንድ ረጅም ቀጭን ዘንግ ሰጠኝና «ጤዛውን አራግፍ» አለኝ። የቀለደብኝ መሰለኝ። ግራ ገብቶኝ ስቆም ዘንጉን ከእጄ ወሰደና ግሪኑ ላይ፣ ማለትም የኳሱ ቀዳዳ ባለበት ለጥ ብሎ በተከረከመው ሣር ላይ፣ ወዲያና ወዲህ እያወዛወዘ አሳየኝ። ጤዛ የቆየበት ሣር በሽታ ይይዘዋል፤ ማጨጃውም እርጥብ ሣር ላይ በደንብ አይቆርጥም። ለካስ የምሩን ነው።

ማታ ኬኒንግተን ሰፈር እህቴ ቤት ስገባ «ምን ስትሠራ ዋልክ?» አለችኝ። «ጤዛ ሳራግፍ» አልኳት። ወንድሜ ለንደን ሊማር መጣ ብላ ለዘመድ ሁሉ ያወራች ሴት ናት። እራቴን አቀረበችልኝ። ለእናታችን ስትደውል ግን «መንግሥት መሥሪያ ቤት ገብቷል» ስትል ሰማኋት። ሜዳው የካውንስሉ፣ ማለትም የወረዳው አስተዳደር፣ ንብረት ስለሆነ ዋሸሽ ልላትም አልቻልኩም።

ሬይ ብዙ አይናገርም፤ ሲናገርም መሬት መሬት እያየ ነው። ከእሱ ሥር ከተራ ሠራተኛነት ወደ ረዳትነት ወጣሁ፤ ጡረታ ሲወጣ ደግሞ ዋና ግሪንኪፐር፣ የሜዳው ሣር ኃላፊ፣ ሆኜ ተተካሁ። የማጨጃውን ምላጭ ከፍታ ቼክ ማድረግ፣ የአሸዋውን ጉድጓድ በጥርሳሙ ሬክ ማስተካከል፣ የቀዳዳውን ቦታ በየጠዋቱ መለወጥ፣ ሁሉንም ያሳየኝ እሱ ነው።

ከሺፍት በኋላ እንድንጫወትም ያስገድደን ነበር። «ስትጫወት ካንተ የሚደክም ሰው ይዘህ ውጣ» ይለኛል። «ጎበዝ ተጫዋች የሜዳውን ክፋት አያሳይህም። በላዩ ያልፈዋል።»

እኔ ይዤ የምወጣው ሰው ጋሽ መኮንን ነበሩ። ዋይት ሲቲ ሰፈር ነው የሚኖሩት። በደርግ ጊዜ ተሰደው መጥተው፣ ሆስፒታል ውስጥ በሽተኛ በአልጋ እየገፉ ከክፍል ወደ ክፍል ሲያደርሱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ጎልፍ ያስለመዳቸው አብሯቸው ይሠራ የነበረ አንድ ጃማይካዊ ነው። ኳሷን ሩቅ አይመቱም፤ ግን ቀጥ አድርገው ነው የሚመቷት። ሣር ለሣር እየተንከባለለች ትደርስላቸዋለች።

ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ካረፉ ወዲህ ማክሰኞን አጉድለው አያውቁም። አንድ ቀን አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን ሳለ፣ «ሰለሞን፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን አለኝ። ማክሰኞ ይሄ አለኝ። በቀረው ቀን ግድግዳ ሳይ ነው የምውለው» አሉኝ። እንዲህ ያለ ነገር ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም። የኳስ መምቻ ዱላቸውን ተቀብዬ ጠረግሁላቸው።

ጉልበቴ ማሽን ላይ መውጣት እምቢ ሲለኝ ኮርስ ወስጄ አንድ ገምጋሚ ድርጅት ገባሁ። ሥራችን አዲስ ወይም የታደሰ ሜዳ ከመከፈቱ በፊት ተጫውተንበት መመዘን ነው። ሁለት ተጫዋች በሐሳባችን እንይዛለን፤ አንዱ ጎበዝ፣ ሌላው እንደ ነገሩ የሚጫወት። ከዚያ ኳሳቸው የት እንደሚወድቅ፣ ምን እንደሚያግዳቸው፣ እንዴት እንደሚወጡ እየለካን እንሄዳለን። የሕዝብ ሜዳ ከሆነ ደግሞ አንድ እውነተኛ ተጫዋች ከሰፈሩ ይዘን መውጣት አለብን። እሱ ያለው በራሱ ቃል ይጻፋል። ከአፉ ያልወጣውን ገምጋሚው መጨመር አይችልም።

ዘንድሮ የድሮ ሜዳዬን እንድገመግም ተላክሁ። በጋው በየዓመቱ እየከረረ ካውንስሉ ሣር የሚያጠጣበት ውሃ አጥሮት ነበር። ስለዚህ በበረሃ አገር ሜዳ ሲሠራ የኖረ ንድፍ አውጪ ቀጥረው ሁሉን ነገር ገለበጡት። አብዛኛው ሣር ተነሥቶ አሸዋ፣ ጠጠርና እሾሃም ቁጥቋጦ ገባ። ሣር የቀረው ኳስ እንዲያርፍበት በታሰበ ቦታ ብቻ ነው፤ እዚህ አንድ መደብ፣ እዚያ አንድ መደብ። በመካከል ያለውን አሸዋ ኳሷ በአየር መሻገር አለባት። ከአጥሩ ማዶ ቀይ አውቶቡስ ያልፋል፤ ከአጥሩ ወዲህ በረሃ ነው።

ሥራ አስኪያጇ ክሌር ትባላለች። ለሜዳው ደፋ ቀና ያለች ሴት ናት፤ ካውንስሉ ለቤት መሥሪያ እንዳይሸጠው የታገለችውም እሷ ናት። «ካለፍን ቅዳሜ እንከፍታለን» አለችኝ። አንድ ሜዳ ብቁ ነው ተብሎ አልፎ ከተከፈተ መልሶ የሚነካው የለም። ያንን እኔም እሷም እናውቃለን።

ከሰፈሩ ተጫዋች ስባል የጠራሁት ጋሽ መኮንንን ነው። ቀኑ ማክሰኞ ነበር። ሜዳው ለሥራ ተዘግቶ ስለከረመ በጣም ናፍቋቸው ነበር መሰለኝ፣ ከቀጠሯችን በፊት ደርሰው በር ላይ አገኘኋቸው። ጫማቸውን ወልውለዋል።

እውነቱን ለመናገር ሜዳው ያምራል። አሸዋውን ዘግኜ አየሁት፤ ንጹሕ ነው፣ ውሃ ያሳልፋል። እኔ በነበርኩበት ዘመን ክረምት በመጣ ቁጥር በጭቃ የሚዘጋው ቦታ አሁን ደረቅ ነው። ግሪኖቹ ጠንካሮች ናቸው፤ ኳስ በእኩል ፍጥነት ይሄድባቸዋል። ይህን ሁሉ ጻፍሁ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሆሎች፣ ከመነሻ እስከ ቀዳዳ ያሉትን ምድቦች፣ ጋሽ መኮንን እንደ ወትሯቸው ተጫወቱ።

አራተኛው ላይ ከመነሻው እስከ መጀመሪያው ሣር ድረስ አሸዋ ብቻ ነው። መቱ። ኳሷ እንደ ወትሮው ቀጥ ብላ ሄደችና ጎድጓዳው አሸዋ መሀል ወደቀች። ቁልቁለቱን በጎናቸው እየተራመዱ ወረዱ። መቱ፤ አሸዋው ብቻ ተነሣ። ደግመው መቱ። ኳሷ ዳገቱን ግማሽ ወጥታ እግራቸው ሥር ተመለሰች። ጎንበስ ብለው አነሷትና ኪሳቸው ከተቷት። እሳቸው ምንም ያህል ቢከፋባቸው ኳስ ሳይጨርሱ አንሥተው አያውቁም። እጄን ዘረጋሁላቸው፤ ይዘውኝ ወጡ። ቁና ቁና እየተነፈሱ «ደስ ይላል» አሉ።

«እንዴት አገኙት፣ ጋሼ?»

«ጥሩ ነው። አየሩም ጥሩ ነው።»

አምስተኛው ላይ «አንተ ምታ፣ እኔ አያለሁ» አሉኝ። ስድስተኛውም ላይ እንዲሁ። ከዚያ በኋላ ዱላ አልጨበጡም። ቦርሳቸውን ተሸክመው ከኋላዬ ተከተሉኝ። ላግዝዎት ብላቸው እምቢ አሉ። በየሆሉ እንዴት ነው ስላቸው «ጥሩ ነው» ይሉኛል፤ ደንብ ነውና «ጥሩ ነው» ብዬ እጽፋለሁ። እጄ ግን አልታዘዝም እያለኝ ነበር። ተናደድኩ፤ በማን እንደተናደድኩ ያኔ ለይቼ አላወቅሁም።

ስንጨርስ ክሌር ሻይ አቅርባ ጠበቀችን። ለእሳቸው ወንበር ሳበችላቸው። «እንዴት ነበር? ወደዱት?» አለቻቸው። ጋሽ መኮንን ብድግ እንደማለት ብለው በእንግሊዝኛ «በጣም ጥሩ ነው፤ አመሰግናለሁ» አሏት። ፊቷ በራ። እኔ ቀና ብዬ አላየሁም።

የሚቀረኝ የግምገማው ቅጽ ላይ መፈረም ነበር። እስክሪብቶውን ይዤ በአማርኛ አንድ ነገር ጠየቅኋቸው። «ጋሼ፣ በሚቀጥለው ማክሰኞ ይመጣሉ?»

ሻዩን አማሰሉ። «አይ፣ እንግዲህ እግሬንም ያመኛል።»

«ከመቼ ወዲህ?»

«ምን በል ነው የምትለኝ?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ተቆጥተዋል። «እነዚህ ሰዎች አስጠግተውኛል። አገር ያጣሁ ዕለት ተቀብለውኛል። በሰው ቤት ተቀምጬ፣ የቀረበልኝን እየበላሁ፣ ወጡ ጨው አነሰው ልበላቸው? አሳዳጊ የበደለው ልባል ነው?»

ገባኝ። አባቴም እህቴም እንዲሁ ናቸው፤ እኔም ሬይ ፊት ስንት ዓመት እንዲሁ ነበርኩ። እንግዳ አያማርርም።

«የሰው ቤት አይደለም፣ ጋሼ» አልኳቸው። «የሕዝብ ሜዳ ነው። ያን ሁሉ ዘመን የዚህን ከተማ በሽተኛ ሲገፉ የኖሩት በእንግድነት ነው? እትዬ አስካለ የተቀበሩት እዚህ አይደለም?»

የሚስታቸውን ስም ማንሣቴ ከልክ ያለፈ መሰለኝና ተሸማቀቅሁ። ክሌር አንዴ እኔን አንዴ እሳቸውን እያየች «ምን አሉ?» አለችኝ። «መናገር ከፈለጉ እሳቸው ይነግሩሻል» አልኳት። ከዚያ ዝም አልኩ። በሥራ ዘመኔ ሁሉ እንደዚያ የከበደኝ ዝምታ የለም። ብናገርላቸው ይቀልላቸው ነበር፤ ግን ቃሉ የእኔ ይሆናል። እሳቸውም እንደመጡ ይሄዳሉ።

ሻዩ ቀዘቀዘ። ጋሽ መኮንን ኪሳቸው ገቡና ያቺን ኳስ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«የነገርኩሽ እውነት አይደለም» አሏት በእንግሊዝኛ፣ ቀስ ብለው። «አራተኛው ላይ አቁሜአለሁ። ከዚያ ወዲያ አልተጫወትኩም፤ ተከትዬው ነው የሄድኩት። አሸዋውን መሻገር አልችልም፤ ከገባሁም ያለ ሰው እጅ አልወጣም። ሜዳው ቆንጆ ነው። ግን ለሌላ ሰው ነው የሠራችሁት። እኔ ከዚህ ሌላ የምሄድበት የለኝም።»

ይቅርታ አልጠየቋትም።

ክሌር ቅዳሜዋን እያሰበች እንደነበር ፊቷ ላይ አየሁ። ኮቷን አንሥታ «ያሳዩኝ» አለቻቸው። ሦስታችንም ወደ አራተኛው ተመለስን። እሳቸው እየጠቆሙ፣ እሷ እየጠየቀች አሸዋው ውስጥ አብራቸው ወረደች። ሲወጡ ክንዳቸውን ያዘች። እኔ ከላይ ቆሜ የሚሉትን እየሰማሁ ጻፍሁ።

እንደዚያው ሆኖ አይለፍ ብዬ ፈረምሁ። ቅዳሜ አልተከፈተም። የገምጋሚ ድርጅቱ አለቃዬ ደውሎ ጮኸብኝ፤ ንድፍ አውጪውም ሣር ከጨመራችሁበት በረሃነቱ ጠፋ ብሎ ተከራከረ። በመጨረሻ ከአሸዋው ጎን ኳስ እየተንከባለለ የሚያልፍበት ጠባብ የሣር መንገድ በየሆሉ ተዘረጋ፤ ዳገቱም ላይ የእንጨት ደረጃ ተሠራ። አሥራ አራተኛው ብቻ እንዳለ ቀረ፤ ከሥሩ የውሃ ቧንቧ ስላለ መነካት አይችልም ተባለ።

ጋሽ መኮንን ማክሰኞ ማክሰኞ ይመጣሉ። አሥራ አራተኛው ላይ ሲደርሱ ኳሳቸውን ያነሣሉ። ሲጨርሱ ክሌር ቢሮ ጎራ ብለው ስለ አሥራ አራተኛው ያማርራሉ። ባለፈው ስሄድ ሻዩም ቀጠነ ሲሏት ሰማኋቸው። እሷም ወንበር ስባላቸው ትሰማለች።

የግምገማውን ሥራ ለምትጀምሩት የምለው ይህን ነው። የሕዝብ ሜዳ ስትገመግሙ «ጥሩ ነው» ብሎ ዝም የሚለውን ሰው ይዛችሁ ውጡ። እስኪናገር ድረስ አትፈርሙ።