ባዜቃና ቅርንፉድ

ትዝታውን የቀሰቀሰብኝ የተቃጠለ አቡጀዲ ሽታ ነው። ከነቀምቴ በስተምዕራብ ራቅ ብሎ ወርቅ ከሚታጠብበት ወንዝ ዳር ጭቃ እቀዳ ነበር። ሥራዬ ይኸው ነው፤ ዕድሜ ልኬን ከጭቃ፣ ከዓሣና ከሰው ፀጉር ውስጥ መርዝ ስፈልግ የኖርኩ ሴት ነኝ። አንዲት ወርቅ አጣቢ ትንሽ የጨርቅ ጥቅልል ፍም ላይ ጣል ስታደርግ ሽታው አፍንጫዬን መታው፤ ወዲያው የልጅነት ጎረቤቴ አዴ ጫልቱ ፊቴ ድቅን አለች።

በጃንሆይ ዘመን ነው። ባሏ አቶ ንጋቱ ከሸዋ የመጡ አንጥረኛ ነበሩ። ገበሬዎች ከወንዝ ያጠቡትን ወርቅ በአሞራ ላባ ቀፎ ሞልተው ያመጡላቸዋል። ወርቁ ከአሸዋው እንዲለይ ባዜቃ፣ ሜርኩሪ የሚባለው ፈሳሽ ብረት፣ ይደባለቅበትና በአቡጀዲ ይጨመቃል፤ የቀረው እንክብል ከነጨርቁ እሳት ላይ ሲሆን ባዜቃው ተኖ ወርቁ ብቻ ይቀራል። ማቃጠሉ የአዴ ጫልቱ ሥራ ነበር። እሳቸው ደጅ መዶሻቸውን ሲያሰሙ እሷ ጓዳ ገብታ በርና መስኮቱን ዘግታ ታቃጥላለች። መዝጋቱ የሙያው ወግ ነው፤ ነፋስ ወርቁን ይበላዋል ይሉ ነበር። ወርቁንስ ማንም አልበላው፤ የተበላችው እሷ ናት።

እኔን ትወደኝ ነበር። የባዜቃ ጠብታ ሳህን ላይ አድርጋ ትሰጠኛለች፤ በጣቴ ስነካው ይበታተናል፣ ሳህኑን ዘንበል ሳደርገው ተሯሩጦ ይገጥማል። ከዚያ የሚያምር መጫወቻ አላየሁም። ዛሬ ያለ ጓንት የሚነካው ተማሪ ካየሁ እጮህበታለሁ። ክፉ ሴት ይሉኛል፤ ይበሉኝ።

እሑድ እሑድ የወንጌላውያን ጸሎት ቤታችን ውስጥ ስትዘምር ደግሞ ሌላ ሰው ነበረች። ድምፅዋ ከመዘምራኑ ሁሉ ተለይቶ፣ ወፈር ብሎ ይሰማል። ለዚያች ሴት ከመዝሙሩ የሚበልጥ ነገር አልነበራትም።

ከዚያ እጇ መንቀጥቀጥ ጀመረ። በትንሽ በትልቁ ትቆጣለች፣ ተቆጥታ ታለቅሳለች። ድዷ እየደማ ስላሠቃያት ቅርንፉድ ከአፏ አይለይም። ሰፈርተኛው ግን ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገድሉ ጎፈሬ ነውና፣ “ተደብቃ ትጠጣለች” አለ። በእኛ ማኅበር መጠጥ የቀመሰ ሰው ከቅዱስ ቁርባን ይታገዳል። ባሏ ኦርቶዶክስ ስለሆኑ ቤታቸው ጠጅ አይጠፋም፤ ይህም ማስረጃ ሆነ። አንድ እሑድ ጽዋውን ስትቀበል እጇ ተንቀጥቅጦ ወይኑ ነጠላዋ ላይ ሲፈስ ነገሩ አለቀለት።

የማኅበሩ ሽማግሌዎች እኛ ሳሎን ጠሯት፤ አባቴ ዋናቸው ነበር። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ እሰማለሁ።

“ጫልቱ፣ እንደ እህት ነው የምንጠይቅሽ። ትጠጫለሽ?”

“አኒ ሂን ዹግኔ፣ ኦቦ። አልጠጣሁም። ዋቃቱ ቤካ፣ እግዜር ያውቃል።”

“እጅሽስ?”

“እኔ ምኑን አውቄው? ራሱ ነው የሚንቀጠቀጠው። ከፈለጋችሁ ቁርባኑን ከልክሉኝ፤ መዝሙሩን ግን አትከልክሉኝ።”

“እስቲ ተንፍሺ” አላት አባቴ።

ተነፈሰች። ጠጋ ብሎ አሸተተና ወደ ጓደኞቹ ዞረ።

“ቅርንፉድ ነው። የምትደብቀው የሌላት ሴት ቅርንፉድ ምን ያደርግላታል?”

ሁለቱንም ከለከሏት። ከዚያ በኋላ ስትዘምር ሰምቻት አላውቅም፤ ጓዳዋን ዘግታ ማቃጠሏን ግን ቀጠለች። ስትሞት መዘምራኑ አልወጡላትም። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ የእሷም ዋለ፤ “ሰካራሟ” እንደተባለች ቀረች።

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የባዜቃ መርዝ ምልክቶችን ያነበብኩ ዕለት እጇን፣ ድዷን፣ ቁጣዋን ሁሉ አንድ ገጽ ላይ አገኘኋቸው። መጽሐፉን ዘግቼ አለቀስኩ። ሙያዬን የመረጥኩት ያን ዕለት ነው። አባቴ ሞቶ ነበር፤ የምጣላው ሰው እንኳ አጣሁ።

ያ የወንዝ ዳር ሽታ ግን አላስቀምጥ አለኝ። ስመለስ መንገድ ላይ ሲሬ ከተማ ወረድኩና ልጇን ብርቄን ፈለግኳት። “የሰካራም ልጅ” መባሉ መሯት ከነቀምቴ በወጣትነቷ የወጣች ናት፤ አሁን አውቶቡስ መቆሚያው ጋ ሻይ ቤት አላት። ሁሉንም ነገርኳት። እናትሽ ጠጥታ አታውቅም፣ የገደላት የወርቁ ጢስ ነው አልኳት። የምሥራች ያመጣሁላት መስሎኝ ነበር።

ብርቄ የያዘችውን ብርጭቆ አስቀመጠች።

“አልጠጣሁም ስትለኝ እኔም አላመንኳትም” አለችኝ። “ስትሞት ሰው ሁሉ ጉንጯን የሳምኩ መስሎታል። አፏን እያሸተትኩ ነበር።”