የይርጉ መሸኛና የሠርካለም ካርድ

ሠርካለም አንድ ዶላር በከፈለችበት ቁጥር አንድ የአውሮፕላን ማይል የሚቆጥርላት የክሬዲት ካርድ ነበራት፤ ማይሉ ሲጠራቀም በነፃ ቲኬት ይለወጣል። ይህን ቢከን ሂል ሰፈር የሚኖር አበሻ ሁሉ ያውቃል። ምግብ ቤት አብረዋት ከተቀመጡ ጥሬ ብሩን ከየሰው ሰብስባ ካርዷን ትሰጣለች። የሰው ጎማ፣ የሰው ሰርግ አዳራሽ፣ የክርስትና በግ ሳይቀር በእሷ ካርድ ተከፍሏል። «ሠርኬ ማይል» ይሏታል፤ አብራ ትስቃለች። ባሏ ፊሊጶስ ብቻ በዓመት ለሚቆረጥባት ስልሳ ዶላር «ለባዶ ተስፋ!» እያለ ይነጫነጫል። እሷ ግን በየወሩ ዕዳዋን ሙልጭ አድርጋ ስለምትከፍል ወለድ የሚባል ነገር አታውቅም። በሆቴል አልጋ አንጣፊ ደመወዝ ሌላ በምን አገር ይገባል?

በ1997 መኸር ደሴ ያሉት እናቷ አልጋ ያዙ። ሐኪሙ «ልጅ ካላቸው ቶሎ ትምጣ» ብሏል። ቲኬቱ ሰማንያ ሺህ ማይል ይጠይቃል፤ በአምስት ዓመት ያጠራቀመችው ሰባ ስድስት ሺህ ሁለት መቶ ነው። ቀሪው በትንሹ ሦስት ወር ይፈልጋል። እናቷ እስከዚያ ይቆዩ አይቆዩ የሚያውቀው አንድዬ ብቻ ነው።

በዚሁ ሰሞን ታክሲ ነጂው ይርጉ በድንገት ሞተ። እድሩ አስከሬኑ ኮምቦልቻ፣ እናት አባቱ ዘንድ እንዲቀበር ወሰነ። እሑድ ጠዋት ሠርካለም የሟችን ሚስት ማንአልሞሽንና የእድሩን ገንዘብ ያዥ አቶ ገብረንጉስን በመኪናዋ ይዛ ኤርፖርት አጠገብ ያለው የጭነት ቢሮ ደረሰች። ሒሳቡ ሦስት ሺህ ዘጠኝ መቶ ዶላር ነው። አቶ ገብረንጉስ የእድሩን ቼክ መዘዙ። ጸሐፊዋ ራሷን ነቀነቀች። ባንክ ዝግ ስለሆነ ቼክ አትቀበልም፤ በአርባ ደቂቃ ውስጥ በካርድ ካልተከፈለ አስከሬኑ እስከ ሐሙሱ በረራ ይቆያል።

«ሠርካለም፣ ያ ካርድሽስ? እድሩ ነገውኑ ይተካልሻል» አሉ አቶ ገብረንጉስ።

ሠርካለም ጸሐፊዋ ዋጋውን እንደጠራች በልቧ ደምራው ነበር፤ ሰማንያ ሺህ አንድ መቶ። ያውም ሚስቱ አጠገቧ ቆማ! ራሷን ጠላች። ነገ ሰው «በሬሳ ማይል ለቀመች» ሲል ታያት። ይሉኝታ ክፉ ነው፣ ሳታስበው አስዋሻት።

«ቤት ረስቼው መጣሁ፣ ጋሼ» አለች ቦርሳዋን ብብቷ ሥር ሸጉጣ።

ሽማግሌው እየተጣደፉ ወደ ግድግዳው ስልክ ሄዱ። አንዱ ጋ ደወሉ፣ ሌላው ጋ ደወሉ። ማንም አያነሳም፤ ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ነው። ጸሐፊዋ ሰዓቷን አየች። አሥራ አምስት ደቂቃ ቀረ። ሠርካለም እውነቱን ልናገር ትልና መልሳ ቦርሳዋን ታጠብቃለች።

«ቦርሳሽን ክፈቺ» አለቻት ማንአልሞሽ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ጠዋት ቤንዚን ስትቀጂ በካርዱ ስትከፍይ አይቼሻለሁ እኮ።»

የሠርካለም እንባ ዱብ ዱብ አለ። «ማንዬ፣ ማይል ይቆጥርልኛል። እንዴት ብዬ በይርጉ ሞት ላትርፍ?»

«ለእናትሽ ስንት ቀረሽ?»

«አሁን ከከፈልኩ... ይሞላል።»

ማንአልሞሽ ጠጋ አለቻት። «እኔ የጥገኝነት ኬሴ አላለቀም። ከወጣሁ አያስገቡኝም፤ ባሌ ሲቀበር አላይም። ስለዚህ ክፈይና ሂጂ። እናትሽን ጠይቂና መቃብሩ ላይ ቆመሽ "ማንአልሞሽ ናት የላከችኝ" በይልኝ።»

ሠርካለም ካርዱን አወጣች። ከእጇ ተቀብላ ጸሐፊዋ ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጠችው ግን ማንአልሞሽ ናት።