ጋሸና ላይ የተመረጠው ካርድ

ታፈረ በየጠዋቱ የጌም ቤቱን በር እንደከፈተ መጀመሪያ የሚያደርገው ኮምፒውተሩን ማስነሳት ነው። ቁልፉን ይጫናል፤ ማራገቢያው ይዞራል፤ ስክሪኑ ግን ጥቁር እንደሆነ ይቀራል። ጥቂት ቆሞ ያዳምጣል። ከዚያ ያጠፋውና አቧራ እንዳይገባበት በአሮጌ ነጠላ ይሸፍነዋል።

እንዲህ ማድረግ የጀመረው ከጥምቀት በኋላ ነው። ኮምፒውተሩን ክፍል በክፍል እየገዛ ሲያሟላ ከርሞ፣ የቀረው ሥዕሉን ወደ ስክሪኑ የሚያወጣው ግራፊክስ ካርድ ብቻ ነበር። ማሽኑ በሕይወት አለ፤ የሚሠራውን ግን ማየት አይቻልም። አንዳንድ ቀን ከደጅ የሚያልፉ ልጆች አንገታቸውን አስገብተው ያዩና ጥቁሩን ስክሪን አይተው ይሄዳሉ።

ታፈረ ከዐሥር ዓመት በላይ በላሊበላ አስጎብኚ ነበር። ጠዋት እንግዶቹን በአብያተ ክርስቲያናቱ መካከል ይመራል፣ ከሰዓት በኋላ ወደ ነአኩቶ ለአብ ይዟቸው ይሄዳል። ቤተሰቡን ያስተዳደረው በዚህ ነው። ጦርነቱ ሲመጣ እንግዳ ቀረ። ከዚያም በኋላ መንገዱ አንድ ሰሞን ሲከፈት አንድ ሰሞን ሲዘጋ፣ የሚመጣው እንግዳ ለአስጎብኚው ሁሉ የሚዳረስ አልሆነም። የአስጎብኚነት መታወቂያው ዛሬም ከኪሱ አይለይም። መንገድ ዳር ያለችውን የቤቱን ክፍል የጌም ቤት ያደረጋት ያን ጊዜ ነው። በቴሌቪዥን የሚጫወቱበት አንድ አሮጌ ማሽን ነበረው፤ እሱም አርጅቶ ሞተ። ኮምፒውተሩ የዚያ ምትክ ነው።

ሚስቱ አሰለች አፋር ውስጥ ሎግያ የሚሠራ ከፋለ የሚባል ወንድም አላት። ከፋለ ለታፈረ በአንድ መጋዘን የዘበኛ ሥራ አግኝቶለታል። አሠሪዎቹ እስከ ሆሳዕና ካልመጣ ሌላ ሰው እንቀጥራለን ብለዋል። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። በሁዳዴ ጾም ጌም ቤት ጭር ይላል፤ ተጫዋች የሚመጣው ከፋሲካ በኋላ ነው። ስለዚህ ታፈረ ቤቱ ሰው ይሳብ አይሳብ ሳያይ መወሰን ነበረበት። ሎግያ የወረደ ሰው ልጆቹን የሚያየው ለበዓል ብቻ ነው።

አሰለች ሂድም ቅርም ስትል አልተሰማችም ነበር። ካርዱን ሊገዛ ወደ ጋሸና በተነሳበት ጠዋት ግን ነጠላውን ከኮምፒውተሩ ላይ አንስታ እያጠፈች፣ «ቤቱ ከሠራ ቅር» አለችው። «ካልሠራ ግን ጥቁር ስክሪን እያየህ እንዳትከርምብኝ።»

የኮምፒውተሩን ክፍሎች ሲያማርጥ የረዳው ወርቅአገኘሁ ነው። ወርቅአገኘሁ ከዩኒቨርሲቲ ተመርቆ ሥራ ያላገኘ የሰፈር ወጣት ሲሆን፣ ጓደኞቹ እሱ ያለበት ይሰበሰባሉ። ስለ ካርዱ የሰጠው ምክር አጭር ነበር፤ «ጋሼ፣ ከስምንት ጊጋ በታች ይዘው እንዳይመጡ።» አዲሱ የኳስ ጨዋታ ሙሉ ሥዕሉን የሚያሳየው የካርዱ ማህደረ ትውስታ ያን ያህል ሲሆን ነው፤ ጓደኞቹም ይህን ያውቃሉ።

መሐመድኑር ጋሸና ላይ፣ የጭነት መኪኖች ከሚያድሩበት ፊት ለፊት፣ የስልክና የሶላር ዕቃ ይሸጣል። ኤሌክትሮኒክስ በትእዛዝ ከአዲስ አበባ ያስመጣል። ከታፈረ ጋር የተዋወቁት ላሊበላ እንግዳ ይመጣ በነበረበት ዘመን ነው። ሁለት ካርድ አስመጥቶ ጠበቀው፤ ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው። አንደኛው አዲስ፣ ከነካርቶኑ፣ አጭርና ባለ አንድ ማራገቢያ፣ ስድስት ጊጋ። ሁለተኛው ያገለገለ፣ ረጅምና ባለ ሁለት ማራገቢያ፣ ስምንት ጊጋ።

ዕቃን ከነነውሩ ተናግሮ መሸጥ መሐመድኑር ከአባቱ የወሰደው ደንብ ነው። ረጅሙ ካርድ አዲስ አበባ ውስጥ ዲጂታል ገንዘብ በኮምፒውተር በሚያመርቱበት ቤት ሁለት ዓመት መሥራቱን ሳይጠየቅ ነገረው።

ታፈረ ካርዱን አንስቶ ገለበጠው። ከሥሩ የተደረደሩትን ቢጫ መገናኛዎች ተጠግቶ አየ።

«ጥርሱን አይተህ ዕድሜውን ልትነግረኝ ነው?» አለው መሐመድኑር።

«ጥርሱስ ደህና ነው። ባለቤቱ ለምን ሸጠው?»

መሐመድኑር ባለቤቱን እንደማያውቀው፣ ካርዱን ከደላላ እንደወሰደው ነገረው። ቤቱ ተዘግቶ ነው ይባላል፤ እውነቱን ግን አያውቅም።

ይህ ታፈረን አላስደነገጠውም። ያደገው ፍላቂት አጠገብ፣ አባቱን ተከትሎ በሬ ሲገዛና ሲሸጥ እያየ ነው። በዚያ አገር ያላረሰ ወይፈን ሲገዙ ያመነታሉ፤ መልኩ ያማረ ወይፈን ቀንበር ሲጫንበት ትልሙ መካከል ሊተኛ ይችላል። ያረሰ በሬ ግን ጉልበቱ ታይቷል። ታፈረም ያሰበው እንደዚሁ ነው። አዲሱ ካርድ ገና ምንም አልሠራም። ያገለገለው ሁለት ዓመት ሠርቶ አልወደቀም። በዚያ ላይ ወርቅአገኘሁ ያለው ስምንት ጊጋ እሱው ነው። ይህን ሁሉ ለመሐመድኑር ረጋ ብሎ አስረዳው።

መሐመድኑር አልሳቀበትም። ካርዱን ከእጁ ተቀብሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«በሬ እኮ ማታ ይፈታል» አለው። «ይሄ ሁለት ዓመት ሌት ተቀን ሲሠራ አልተፈታም።»

ታፈረ በከብት ገበያ የመጨረሻ የሚጠየቀውን ጠየቀ። «ዋስ ትሆነዋለህ?»

«ለትንሹ እሆናለሁ፤ ቢበላሽ እኔ ጋ ትመልሰዋለህ። ለዚህኛው ግን፣ ወላሂ፣ አልሆንም።»

ከዚያ መሐመድኑር ለኮምፒውተሩ ኃይል የሚያከፋፍለው ፓወር ሰፕላይ ስንት ዋት እንደሆነ ጠየቀው፤ ታፈረም ነገረው። ረጅሙ ካርድ ብቻውን የዚያን ግማሽ የሚጠጋ ይወስዳል። አጭሩ የሚወስደው ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። ታፈረ በቤቱ አጠገብ ያለውን ወፍጮ አስታወሰ። ወፍጮው ሲነሳ የሰፈሩ አምፖል ሁሉ ይደበዝዛል።

ወዲያው አልወሰነም። ወጣ ብሎ ሻይ ቤት በር ላይ ተቀመጠ። ጭነት የያዙ መኪኖች ወደ ወልድያ ይወርዱ ነበር፤ ሎግያ የሚሄድ ሰውም በዚያው መንገድ ነው የሚሄደው። ትንሹን ይዞ ቢመለስ ወጣቶቹ ሊቀሩበት ይችላሉ። ትልቁን ይዞ ቢመለስ ይመጡለታል፤ ክረምት ሳይገባ ቢሞትበት ግን ሌላ የሚገዛበት አቅም የለውም፤ የሎግያውም ሥራ ያን ጊዜ የለም። ሻዩን ጠጥቶ ተመለሰና ትንሹን ካርድ ገዛ።

በማግሥቱ ወርቅአገኘሁ ጨዋታው የተጫነበትን ዲስክ ይዞ መጣ። ካርቶኑን አነበበ።

«ስድስት ነው።»

«ስድስት ነው» አለ ታፈረ።

ወርቅአገኘሁ የማሽኑን ጎን ፈትቶ ካርዱን አስገባና ብሎኑን አጠበቀ። ቁልፉን የተጫነው ታፈረ ነው። ማራገቢያው ዞረ፤ ስክሪኑ ለጥቂት ጊዜ ጥቁር ሆኖ ቆየ፤ ከዚያ በራ። አሰለች በሩ ላይ ቆማ ነበር።

ጨዋታው ሲከፈት ተቆራረጠ። ወርቅአገኘሁ የሥዕሉን ጥራት ደረጃ በደረጃ እየቀነሰ ሞከረ። ሣሩ ጠፍጣፋ አረንጓዴ ሆነ። ከጎሉ በስተጀርባ የተቀመጠው ሕዝብ ተመሳሰለ።

«ተመልካቹ ሁሉ አንድ መልክ ነው፣ ጋሼ።»

«ኳሷስ?»

«ኳሷማ ትሄዳለች።»

እየተጫወተ ሳለ ወፍጮው ተነሳ። አምፖሉ ደበዘዘ። ሦስቱም ወደ ማሽኑ አዩ። ማራገቢያው ድምፁን ሳይቀይር ቀጠለ፤ ኳሷም በሜዳው ላይ መሄዷን አላቆመችም። ወርቅአገኘሁ ጨዋታውን ጨርሶ ተነሳ። ጓደኞቹን አመጣለሁ ወይም አላመጣም አላለም፤ ታፈረም አልጠየቀውም።

የዚያን ዕለት ማታ ታፈረ ለከፋለ ደወለ። ስለ ደከመበት አመሰገነውና ሥራውን እንዳያስቀምጡለት ነገረው። ከፋለ ደጋግሞ ጠየቀው። ታፈረ ያው መልሱን መለሰለት። አሰለች ስልኩን ተቀብላ የወንድሟን ልጆች ደኅንነት ጠየቀች።

ከሆሳዕና ማግሥት ጀምሮ የሎግያውን መጋዘን የሚጠብቀው ደርበው የሚባል የመርሳ ሰው ነው።