ሳንሞት የተደረሰልን ለቅሶ

ይህ ነገር የደረሰብን ከሁለት ዓመት በፊት፣ ሐምሌ ውስጥ ነው። ብዙ ነገር ቶሎ የምረሳ ሰው ነኝ፤ ይህን ግን አልረሳሁትም። ሞት እንደዚያ ለስላሳ ሆኖ፣ ቀስ ብሎ፣ ቤት ድረስ ይመጣል ብዬ አስቤ ስለማላውቅ ይመስለኛል።

የምንኖረው ልደታ፣ ወደ አብነት በሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ካለ ሰፈር ነው። እኔና አባቴ ብቻ ነን። አባቴ ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ መምህር ነው። ቤታችን አሮጌ የጭቃ ቤት ስለሆነ ክረምት ላይ ብርዱ ከግድግዳው ውስጥ የሚወጣ ይመስላል። አባቴ ደግሞ ጉልበቱን ያመዋል። ስለዚህ ከዓመታት በፊት አብነት ያለ አንድ በያጅ ከግማሽ በርሜል የብረት ምድጃ ሠራለት። በር አለው፤ እንጨቱ ውስጡ ይነድና ጭሱ በቱቦ ግድግዳውን አልፎ ወደ ውጭ ይወጣል። ቤታችን የመጣ ሰው ሁሉ ቆሞ ያየዋል።

አባቴ በየዓመቱ ግንቦት ላይ ቱቦውን ፈታትቶ ጥላሸቱን በሽቦ ብሩሽ ይጠርገው ነበር። ያን ዓመት ግን ጉልበቱ ባሰበትና መሰላል መውጣት አቃተው።

«ትርስዬ፣ ሰው ጥሪና ቱቦው ይጠረግ» ይለኛል።

«እሺ አባዬ» እላለሁ። ነገ ዛሬ ስል ክረምቱ ገባ።

ቀኑ ማክሰኞ ነበር። ዓመት ፈቃድ ላይ ስለነበርኩ ቤት ውያለሁ። ከምሳ በኋላ ዝናቡ ወረደ፤ ሰፈሩ ሁሉ በጉም ተሸፈነ። ክብሪት አልቆብን ስለነበር ሮጥ ብዬ ከሱቅ ገዝቼ ተመለስኩ። እጄ በብርድ ደንዝዞ የግቢውን በር ሳልቀረቅረው ገፋ ብቻ አድርጌው ገባሁ። ምድጃውን ለኮስኩ። እንጨቱ እርጥበት ነበረው፤ መጀመሪያ ትንሽ ጨሰና ዓይናችንን ቆጠቆጠን። ቆይቶ ተያያዘ፤ ፍም ሆነ፤ ጭሱም ጠፋ። ሙቀቱ እንዳይወጣብን ብዬ የመስኮቱን ስንጥቅ በጨርቅ ወተፍኩት።

ከሰል ቤት ውስጥ አንድዶ መተኛት ሰው እንደሚገድል ማን የማያውቅ አለ? እኔ ግን የእኛ ምድጃ ቱቦ አለው ብዬ ልቤን ጥዬ ነበር።

አባቴ ወንበሩ ላይ ብርድ ልብስ ጉልበቱ ላይ ጣል አድርጎ ተቀምጧል። እኔ ከፊቱ ሶፋው ላይ ነኝ። አንድ የድሮ ተማሪውን ታሪክ እያወራልኝ ነበር። የወንዞችን ስም በዜማ ካልሆነ ማስታወስ የማይችል ልጅ ነበር አሉ። አባቴ በልጁ ዜማ እየቆጠረ ያሰማኝ ጀመር። አዋሽ፣ ዋቢ ሸበሌ፣ ገናሌ...

ጣሪያው ላይ የሚወርደው ዝናብ እየራቀ ሄደ። ሌላ ሰፈር የሚዘንብ መሰለኝ። ጀርባዬን የጠዋት ፀሐይ የምትመታኝ ያህል ሞቀኝ። ምንጣፉ ላይ ያሉት አበቦች ቀስ ብለው ሲወዛወዙ አየሁ፤ ምንም አልገረመኝም። ከዚያ ውሃው መጣ። አባቴ የጠራቸው ወንዞች አንድ በአንድ በበሩ ሥር እየገቡ ሳሎናችንን ሞሉት። ለብ ያለ፣ ድምፅ የሌለው ውሃ ነው። ሶፋው ተነሥቶ መንሳፈፍ ጀመረ። አባቴም በወንበሩ ከጎኔ ይንሳፈፋል። ራሴን ትንሽ እንዳመመኝ ትዝ ይለኛል፤ እሱም ግን የሌላ ሰው ሕመም ይመስል ነበር። እንደዚያ ያለ ዕረፍት በሕይወቴ አላውቅም።

በዚያ መሃል አንድ የወንድ ድምፅ «እግዜር ያጥናችሁ» ሲል ሰማሁ። መልስ መስጠት እንዳለብኝ አውቄያለሁ፤ አፌ ግን ሩቅ ነበር።

ከዚህ በኋላ የሆነውን የሰማሁት ከሰውዬው ነው።

ስማቸው ጋሽ ኑሪ ይባላል። ሰንጋ ተራ አካባቢ ዳቦ ቤት አላቸው። ለብዙ ዓመት አብሯቸው የሠራ ጋጋሪ እናቱ ሞተውበት ለቅሶ ሊደርሱ ወጡ። «ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ፣ አረንጓዴ በር» ተብለው ነበር። ሰፈሩን አያውቁትም። የእኛን አረንጓዴ በር አዩ፤ ገፋ ሲያደርጉት ተከፈተ። የሳሎኑን በር አንኳኩ፤ መልስ የለም። ለቅሶ ቤት ነው ብለው ገቡ።

ሲገቡ አንድ ሽማግሌና አንዲት ሴት አንገታቸውን ደፍተው ዝም ብለው ተቀምጠዋል። ሐዘኑ ከብዷቸው ነው ብለው አሰቡ። አጽናንተው፣ ጥግ ካለው ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ እሳቸውም አንገታቸውን ደፉ።

ሦስታችንም እንደዚያ ስንት ደቂቃ እንደተቀመጥን አይታወቅም። ጋሽ ኑሪ ሲነግሩኝ «እንዲያውም፣ እንዴት ያለ ጨዋ ለቅሶ ነው ብዬ ነበር» አሉኝ።

ከዚያ የአባቴ ብርድ ልብስ ከጉልበቱ ተንሸራቶ ወደቀ። የአባቴ እጅ አልተንቀሳቀሰም፤ እኔም አልተነሣሁም። ያኔ የራሳቸው ጭንቅላት መወጋት መጀመሩ ታወቃቸው። ዕድሜያቸውን ከእንጨት እሳት ጋር የኖሩ ሰው ናቸው። ምድጃውን አዩ፤ ቱቦውን አዩ፤ የተወተፈውን መስኮት አዩ። ዘለው ተነሡ።

በሩን ወለል አድርገው ከፈቱ። አባቴን በብብቱ ይዘው እየጎተቱ ዝናቡ ላይ አወጡት። ከዚያ ወደ እኔ ተመለሱ። ይህን በከፊል አስታውሳለሁ። አንድ ሰው ከዚያ ለብ ካለ ውሃ ውስጥ ይጎትተኛል። በጣም ተናደድኩ።

«ተወኝ» አልኩ።

«አልተውሽም ልጄ! ተንፍሺ! ተንፍሺ!»

ከዚያ ጀርባዬ ሥር ቀዝቃዛ ድንጋይ፣ ፊቴ ላይ ዝናብ። አባቴ ሲያስመልሰው ከጎኔ ተሰማኝ። ጎረቤቶች የጋሽ ኑሪን ጩኸት ሰምተው ወጥተው መኪና አመጡና ሆስፒታል ወሰዱን። ኦክስጅን ተደረገልን። እኔ እዚያው አድሬ ተሻለኝ፤ አባቴ ሁለት ቀን ተኛ። ሐኪሟ «ትንሽ ቆይታችሁ ቢሆን ኖሮ...» ብላ ዓረፍተ ነገሯን አልጨረሰችውም።

ቅዳሜ ጋሽ ኑሪ የሽቦ ብሩሽ ይዘው መጡ። ሳንጠራቸው ነው። ኮታቸውን አውልቀው፣ ከጎረቤት መሰላል ተበድረው ቱቦውን ፈቱት። መታጠፊያው ላይ ጥላሸቱ እንደ ሬንጅ ተጋግሯል፤ ከላዩ የወፍ ጎጆ ተወትፏል። ሣር፣ የፌስታል ቅዳጅ፣ ከእኛው ልብስ ማስጫ የተወሰደ የሚመስል ቀይ ክር። እጃቸው ላይ አድርገው አሳዩን።

«ወፏ ደህና ሠርታዋለች» አሉ።

ቱቦውን ጠርገው ጫፉን በወንፊት ሽቦ ሸፈኑልን። ከዚያ አጠገቤ ቆመው ምድጃውን እንደ አዲስ እንዳነድ አደረጉኝ። እርጥብ እንጨት ቱቦውን እንደሚያጣብቅ፣ ፍም እያለ የምድጃውን የአየር መግቢያ መዝጋት እንደማይገባ፣ መስኮቱ ምንጊዜም ጣት የሚያስገባ ያህል ክፍት መሆን እንዳለበት ነገሩኝ። ዳቦ ቤታቸው አዲስ ሠራተኛ እንደሚያስተምሩ ነበር የሚያስተምሩኝ።

ሻይ እያቀረብኩ «ለቅሶውስ?» አልኳቸው።

«እሱማ በማግስቱ ደረስኩ። ዛሬም ከዚህ ወደዚያው ነኝ።»

አብሬያቸው ልሂድ አልኩ። ቤቱ ከቤተ ክርስቲያኑ ወዲያ ማዶ ነው፤ በሩ እውነትም አረንጓዴ ነው። ገብቼ ስቀመጥ ሳላስበው እንባዬ መጣ። የማላውቃቸውን ሴት አምርሬ አለቀስኩ። ልጃቸው አጠገቤ መጥቶ «እናቴን ያውቋት ነበር?» አለኝ። አላውቃቸውም ብዬ የሆነውን ሁሉ ነገርኩት። ጋሽ ኑሪ የእናቱን ለቅሶ ሊደርሱ ሲመጡ ተሳስተው እኛ ቤት እንደገቡ ነገርኩት።

ልጁ «እንኳን ተሳሳቱ» አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ሲል ያየሁት ያኔ ነው።

ከአባቴ ጋር ስለዚያ ቀን ብዙም አላወራንም። እኔ ጥፋተኝነት ይሰማኛል፤ እሱም ያንን አውቆ ነገሩን አያነሣውም። አንድ የመስከረም ቅዳሜ ግን ግቢ ውስጥ ፀሐይ እየሞቅን ሳለ በድንገት ጠየቀኝ።

«ትርስዬ፣ ያን ቀን... ደስ ብሎሽ ነበር እንዴ?»

ልዋሸው ፈለግሁ፤ አልቻልኩም። «አዎ አባዬ» አልኩት።

«እኔም» አለ። «ወንዝ ዳር የተኛሁ መስሎኝ ነበር።»

ሰው በዚያ ነገር ደስ ብሎት እንደነበር ማመን ያሳፍራል፤ ያስፈራልም።

«ግን እኮ» አለ ቆይቶ፣ ፊቱን ወደ ፀሐይዋ እንዳዞረ፣ «ዝናቡ ፊቴን ሲመታኝ ይበልጥ ደስ አለኝ።»

ለእኔ ብሎ ይሁን እውነቱን ይሁን አላውቅም። እኔ ግን አምኜዋለሁ።