ለምርመራው የበላሁት ጉበት

ሲዲ ፎር ለሚባለው የደም ሴል ቆጠራ ምርመራ ደም በምሰጥበት ጠዋት፣ ካሳንቺስ አንድ ልኳንዳ ቤት ጎራ ብዬ ጥሬ ጉበት በአዋዜ በላሁ። ደሜን ላጠንክር ብዬ እኮ ነው! ሌላው ለፈተና ያጠናል፣ እኔ ጉበት እበላለሁ።

ነገሩ የጀመረው በጎኔ ነው። አልማዝ ባለጭራ ወጣችብኝ፤ ሸሚዝ ሲነካኝ እሳት። ቁስሉን ያየው ዶክተር ለኤችአይቪ ምርመራ ላከኝ። ተገኘብኝ። ሚስቴ ቀድማኝ አልፋለች፤ ለማን ልንገር? በሬን ዘግቼ ተቀመጥኩ።

የላብራቶሪዋ ልጅ ክንዴን ስታስር፣ “ጉበት በልቼ ነው የመጣሁት፣ ደህና አድርገሽ ቁጠሪ” አልኳት።

“ጥሬውን?”

“ታዲያስ!”

“ውይ አባባ!” አለች፤ አልሳቀችም።

ከዚያ ትኩሳት መጣ። ተቅማጥ ተከተለ። ግድግዳ ይዤ እሄድ ነበር። በኋላ ግድግዳውም ራቀኝ። ወደቅሁ።

በሩን አስከፍታ ያገኘችኝ ጎረቤቴ ዘይነባ ናት። በታክሲ ሐኪም ቤት አደረሰችኝ።

“ሲዲ ፎርዎ ከመቶ በታች ነው” አለኝ ዶክተሩ። “እነዚህ ነጭ የደም ሴሎች ሌሎቹን ተከላካዮች ‘ጠላት ገባ፣ ተነሱ’ ብለው የሚያዙ ናቸው። ቫይረሱ እነሱን ጨርሷል። ከበሉት ጥሬ ጉበት ጋር የገባውን ባክቴሪያ ማን ይመልሰው?”

“ጉበት አይጨምራቸውም ማለት ነው?”

“የሚጨምራቸው መድኃኒቱ ነው፣ አባባ። በሽታው ጨርሶ አይድንም፤ መድኃኒቱን ካላቋረጡ ግን አብረውት ያረጃሉ።”

ማርጀቱንስ ቀድሜ ጀምሬው ነበር።

መድኃኒቱን ከጀመርኩ በኋላ ቁጥሩ በየምርመራው ቀስ እያለ ወጣ፤ ድካሙ ግን እንደ ክፉ እንግዳ አልሄድ ብሎኝ፣ ወደ ኡራኤል ስወጣ በየሱቁ ደጃፍ እየቆምኩ፣ ትንፋሼ እስኪመለስ የማልገዛውን ዕቃ ዋጋ ስጠይቅ፣ የመንገዱ ባለሱቅ ሁሉ ጠላኝ።

እንደኔ ለታመማችሁ የምለው ይህን ነው። ሥጋ አብስሉ። ኪኒኑን በሰዓቱ ዋጡ። ዛሬ ሕክምናው ቁጥሩ እስኪወርድ አይጠብቅም፤ ቫይረሱ እንደታወቀ ይጀመራል፣ አትዘግዩ። በራችሁንም አትዝጉ። እኔን ያተረፈኝ ሐኪም ብቻ አይደለም፤ ምን እንደታመምኩ ሳትጠይቅ በየቀኑ ሾርባ ያመላለሰችልኝ ዘይነባም ናት።

ሾርባውን በፔርሙዝ ስታመጣ፣ “ፔርሙዙን ሲድኑ ይመልሱልኛል” ብላኝ ነበር። እስካሁን አልመለስኩም። መስኮቴ ላይ ስታየው፣

“ኧረ ጋሼ፣ አሁንም አልዳኑም?” ትለኛለች።

“ገና ነኝ፣ ዘይነባ።”

ትስቃለች። ፔርሙዙንም ወስዳ ሾርባ ሞልታ ትመልሰዋለች።