የጽጌረዳ ጽሑፍ

መምህርት ሸዋገነት ሽሮ ሜዳ አጠገብ ባለ ትምህርት ቤት አማርኛ ታስተምራለች። ከአራት ዓመት በፊት ለስምንተኛ ክፍል ተማሪዎቿ ብሎግ ከፈተችላቸው። ክፍል ውስጥ እጃቸውን የማያወጡ ልጆች ቢያንስ እዚያ እንዲጽፉ ብላ ነበር።

ከሁሉም ዝምተኛዋ ጽጌረዳ የምትባል የሸማኔ ልጅ ነበረች። ስሟ ሲጠራ እንኳ "አቤት" ስትል አትሰማም። ብሎጉ ላይ ግን ስለ አባቷ ጻፈች፤ የነጠላ ጥለት ሲያወጣ ከንፈሩን እንደሚነክስ፣ ክር ሲበጠስበት በጋሞኛ ብቻውን እንደሚያጉረመርም። ልጆቹ ተቀባብለው አነበቡት፤ ከሥሩም ብዙ አስተያየት ጻፉላት። በማግስቱ ሸዋገነት፣ "እስቲ አንቺው አንብቢልን" አለቻት። ጽጌረዳ ተነሥታ እስከ መጨረሻው አነበበች።

በዚያው ክረምት አባቷ ታመመና ቤተሰቡ ወደ ጨንቻ ተመለሰ። ልጅቷ ሳትሰናበት ሄደች። ሸዋገነት ግን በየዕረፍቱ ኮምፒውተር ክፍል ገብታ ያንን ጽሑፍ ትከፍታለች። አንድ ቀን የኮምፒውተር መምህሩ ኢዮብ፣ "የብሎጉን የድሮ ጽሑፎች ላጥፋቸው እንዴ?" ሲላት፣

"ተዋቸው፤ ጽጌረዳ ብትፈልገኝ በየት በኩል ታገኘኛለች?" አለችው።

ባለፈው ግንቦት ከጽሑፉ ሥር አዲስ አስተያየት አገኘች።

"ቲቸር፣ አባዬ ዐረፈ። ሲናፍቀኝ እዚህ መጥቼ አነበዋለሁ። እባክዎ አያጥፉት።"

ሸዋገነት ዕንባዋን ጠርጋ የስልክ ቁጥሯን ጻፈችላት። ጽጌረዳ እስካሁን አልደወለችም። ሸዋገነት ግን የማታውቀው ቁጥር በደወለ ቁጥር ጠመኔዋን አስቀምጣ ከክፍል ትወጣለች።