ቤታችንን ሱቅ እያልን

የምንኖረው መካኒሳ፣ መንገድ ዳር፣ ድሮ ሸቀጣ ሸቀጥ ይሸጥበት በነበረ ክፍል ውስጥ ነው። መስኮት የለውም፤ ብርሃን የምናገኘው ሰፊውን የላሜራ በር ስንከፍት ነው። ስንከፍተው ደግሞ መንገደኛው አንገቱን አስግጎ «ሳሙና አለ?» ይለናል። እኔና እናቴ አልጋችን ላይ እንደተቀመጥን «አልቋል!» ብለን እንስቃለን።

ዘንድሮ ሳቁ ጠፋ። አከራያችንና እናቴ አንድ ቸርች ውስጥ ነው የሚያመልኩት። እሁድ «እህቴ» ብላ ያቀፈቻት ሴትዮ ሰኞ መጥታ፣ «ኪራይ ካልጨመራችሁ በወሩ መጨረሻ ልቀቁ» አለቻት። እናቴ ወረዳ ሮጠች። የቤት ጉዳይ ባለሙያው፣ «የኪራይ አዋጁ ይህን ይከለክላል፤ ግን ለመኖሪያ ቤት ነው። ሱቅ ከሆነ እኛን አይመለከትም። መጥቼ አያለሁ» አላት።

ሌላ መሄጃ የለንም። ሰው የሚኖርበት እንዲመስል ብለን ምድጃውን ከመጋረጃው ጀርባ አወጣነው፤ የታጠበ ልብስ በሩ ላይ ሰቀልን። እየኖርንበት እኮ ነው!

ባለሙያው ከአከራያችን ጋር መጣ። እናቴ ተደናግጣ ወንበሩን በነጠላዋ እየጠረገች፣ «ይግቡ ጌታዬ፣ ወደ ሱቁ ይግቡ» አለችው።

«ሱቁ» አለችው! ግን አልፈርድባትም፤ ሁላችንም እንዲያ ነው የምንለው። ከትምህርት ቤት ስመለስ እንኳ ጓደኞቼን «ሱቅ ገባሁ፣ ቻው» ነው የምላቸው።

አከራያችን አጨበጨበች። «ሰማህ ወንድሜ? በገዛ አፏ!»

እናቴ አፏን በእጇ ያዘች። እኔ ግን አላስቻለኝም። «እትዬ፣ ሱቅ ከሆነማ እስቲ የሆነ ነገር ይግዙን» አልኳት። «ያለነው አንድ ያረጀ አልጋና እኔ ነን።»

«ምላሷ!» አለች አከራያችን።

ባለሙያው ሳቁን ዋጥ አድርጎ አልጋውን አየ፣ ምድጃውን አየ። «ሰው ይኖርበታል ብዬ ለኃላፊዎች አቀርባለሁ» አለ። «ውሉ ግን የሱቅ ነው። በመኖሪያ ቤት ውል ይቀየር ቢባል እሳቸውም መፈረም አለባቸው።»

«እኔ? ሞቼ ነው የምፈርመው» ብላ ወጣች።

ባለሙያው ሊከተላት ሲል እናቴ በሩ ላይ ቆመችበት። «ውሳኔው እስኪመጣ እዚሁ እንቆይ?»

«ቆዩ እንግዲህ» አለ፣ ዓይኗን እየሸሸ።

ከሄደ በኋላ አልጋው ላይ ቁጭ ብለን፣ ያ «እንግዲህ» አይዟችሁ ማለት ይሁን ወይስ ምን ይደረጋል ማለት፣ ስንከራከር አመሸን።